ሁለት ምት፣ ከዚያ ዝምታ

ጥቅምት 8

ለልጄ፤

እናትሽ ከሞተች በኋላ አፏን ሰርቃችሁ ያልተናገረችውን አናግራችኋታል። ይህን ያደረገው አንቺ የምትሠሪበት የድምፅ ቤተ መዛግብት ነው፤ ወራሽ ነኝ ብለሽ ፈርመሽ የፈቀድሽውም አንቺ ነሽ። ሰላምታው ይቆይ፤ መጀመሪያ ይህ ይታወቅ።

ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ድሮው ነው። ጣራው ማፍሰሱን አቁሟል። ስልኬን ለምን እንደዘጋሁ ጎረቤቴን መጠየቅሽን ነግሮኛል። የዘጋሁት በስልክ የተባለ ነገር ስለማይቀመጥ ነው። የምትመልሽልኝ ነገር በወረቀት ሰፍሮ፣ ከታች ፈርመሽበት እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ።

የሰማሁት ፀጉር ቤት ነው። አስተካካዩ ምላጩን አንገቴ ላይ እንዳሳረፈ ከሬዲዮው የእናትሽ ድምፅ መጣ። ልብስ ስትሰፋ የምትዘፍነው ዘፈን ነው፤ ከእናቷ የተማረችው፣ ከእሷ ሌላ እስከ መጨረሻው የሚያውቀው ሰው ያልነበረው። አልተንቀሳቀስኩም። ሁለተኛው አዝማች ላይ ሲደርስ ግን ጣቴ የወንበሩን ክንድ ለማንኳኳት ብድግ አለ፤ እዚያ ላይ እሷ የተቀዳችበት የቴፕ ክር የለምና። እሷ ግን መዝፈኗን ቀጠለች። እዚያም፣ ከዚያ በኋላም፣ ውሃ በበላው ቦታ ሁሉ ላይ ዘፈነች። በመጨረሻም ለአንቺ ተናገረች። ይህን ማን ፈጠረው?

«አይንቀሳቀሱ እንጂ አባባ፣ እቆርጥዎታለሁ» ይለኛል አስተካካዩ። ቆርጦኛልም። ከጆሮዬ ሥር ምልክቱ አለ።

አብረውሽ የሚሠሩት ልጆች አያውቁ ይሆናልና ይህን አንብቢላቸው። እዚያ ስሠራ የቤተ መዛግብቱ መጋዘን ቧንቧ ፈንድቶ ክሮቹን ውሃ የበላቸው ጊዜ፣ የተረፈውን ወደ አዲስ ክር የገለበጥኩት እኔ ነኝ። የጎደለ ቦታ ላይ ስደርስ ጠረጴዛውን በጣቴ አንጓ ሁለት ጊዜ አንኳኳለሁ። ከዚያ የጎደለውን ያህል ዝም። ከዚያ እንደገና ሁለት ጊዜ። ትርጉሙ፦ እዚህ የሰው ቃል ነበር፤ እኛ ጋ የለም። ይህን ማንም አላስተማረኝም። ሬዲዮ ጠጋኝ ነበርኩ፤ ሥራውን የተማርኩት ከሥራው ነው። ጡረታ ስወጣ በዚያ ቤት ካሉት ክሮች ውስጥ ሳይነገርለት የጎደለ አንድም አልነበረም።

እናንተ ምቱን እንደ ጉድፍ ጠረጋችሁ፤ ዝምታውን እንደ ጉድጓድ ሞላችሁ። የሬዲዮዋ ሴትዮ «ድምፃቸው ሙሉ ሆኖ ተመለሰ» አለች።

ውሃ የበላውን የመጀመሪያውን ክርና እኔ ያንኳኳሁበትን ቅጂ ላኪልኝ። ሁለቱንም።

አባትሽ

*

ጥቅምት 21

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ምልክቱስ ደረቀ? እርስዎ «ጉልበቴ እንደ ድሮው ነው» ሲሉ እንደ ድሮው ያመኛል ማለት እንደሆነ አውቃለሁና የሚቀባ መድኃኒት በአውቶቡሱ ረዳት እጅ ልኬያለሁ። ማታ ማታ ይቀቡት። ይሸታል ብለው እንዳይጥሉት። እኛ ደህና ነን። ሕፃኑ መቀመጥ ጀምሯል፤ ሲወድቅ አያለቅስም፤ ቁጭ ብሎ ይኮሳተራል። ባለቤቴ «ይሄስ አያቱን ነው» ይላል።

ይቅርታ አባባ። በሬዲዮ ከመውጣቱ በፊት ልነግርዎት ይገባ ነበር። ደብዳቤ ደጋግሜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

«ማን ፈጠረው?» ላሉት፤ የፈጠረው ሰው የለም። የተጠቀምነው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ማሽኑ ከቀረው ክር ላይ የእናቴን ድምፅ ያጠናል፤ እንዴት እንደምትተነፍስ፣ ቃል ስትጨርስ እንዴት እንደምትለቀው። ከዚያ በጎደለው ቦታ ምን ልትል እንደምትችል ይገምታል። ግምት መሆኑን ድምፆቹን ለሕዝብ በምናሰማበት ዐውደ ርእይ መግቢያ ላይ ጽፈናል። ፊደሉ ትንሽ ነው፤ እሱን አልክድም። ግን መጋዘን ውስጥ ማንም ሳይሰማቸው የሚበሰብሱ ድምፆች ነበሩ፤ አሁን ተማሪዎች ቁልፍ ተጭነው ሊሰሟቸው ነው። ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ የሚተርኩትን ረጅም ታሪክ ያስታውሳሉ? ከክሩ ሽሽታ፣ ከዚያ ሽሽ ከሚለው ድምፅ የተነሣ አንድ ቃል አይሰማም ነበር። አሁን ሁሉም ይሰማል። ይህ መጥፎ ነው?

ምቱን በሚመለከት፤ አጥፉት ብሎ ያዘዘ የለም። ማሽኑ የበር ኳኳታ መስሎት ከጉድፉ ጋር ጠረገው። ልጆቹም «ጠራ» ብለው ደስ አላቸው። እኔም ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። በዚያ ክፍል ውስጥ ምቱ ምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ዝም አልኩ። ለምን እንደሆነ ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ።

ዐውደ ርእዩ በወሩ መጨረሻ ይከፈታል። ቢመጡ መኪና እንልካለን። የፊተኛው ረድፍ ላይ ወንበር ይዤልዎታለሁ።

ስለ ክሮቹ ከመጋዘን ኃላፊው ጋር እነጋገራለሁ።

ልጅዎ

*

ኅዳር 3

ለልጄ፤

መድኃኒቱ ደርሷል። ይሸታል። እየተቀባሁት ነው።

ለጥያቄሽ፤ አይ፣ የሽማግሌው አልከፋኝም። ሽሽታ እኔም እቀንስ ነበር። ማሽን አልጠላም፤ ዕድሜዬን ሙሉ እንጀራዬ ማሽን ነበር። አቧራ መጥረግ ግን ሌላ ነው፤ ጥርስ መትከል ሌላ ነው። የሽማግሌውን ድምፅ ጠርጋችሁ ከሆነ እጃችሁ ይባረክ። በተጠረገው መሀል የተከላችሁት ካለ ደግሞ የትኛው እንደሆነ አሁን ማን ያውቃል? እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው። አንድ የተተከለ ጥርስ ካለ ሁሉንም ጥርስ መነቅነቅ ግድ ይላል።

ግምት ነው ትያለሽ። ልክ ነው፤ ሰው ይገምታል። ግን የሚገምት ሰው «ይመስለኛል» ይላል፤ የሌላውን ድምፅ ለብሶ አይመጣም።

አይ፣ አልመጣም። ወንበሩን ለሌላ ሰው ስጪ።

እሷ እንዳልሆነች በምን ታወቀኝ? ዘፈኑ ላይ በብዙ ነገር ነው፤ የመጨረሻው ላይ በአንድ ነገር። ዘፈኑን ጨርሳ ለአንቺ የተናገረችውን ውሃው ምንም ሳያስቀር በልቶት ነበር። እኔ ሁለት መትቼ፣ ዝም ብዬ፣ ሁለት መትቼ ዘግቼዋለሁ። የእናንተ ማሽን ግን «ልጄ፣ አትፍሪ፤ እኔ በሌለሁበት ድምፄ ይጠብቅሻል» ብሏል። እናትሽ በሕይወቷ «ልጄ» ብላሽ አታውቅም። እንቁራሪት ነበር የምትልሽ፣ አፍሽ ስለማይዘጋ። እንዲህ ያለ ንግግር የሚገኘው ከሰርግ ካርድ ጀርባ ላይ ነው። እሷ የሰርግ ካርድ ሲመጣላት ክር ትጠቀልልበት ነበር።

ጎረቤቴ፣ ጡረተኛው ሾፌር፣ ያው ክላክስ የምንለው፣ ስነግረው ምን እንዳለኝ ልጻፍልሽ። «ሰውዬ፣ የእኔዋ በሕይወት እያለች እንዲህ ያለ ቃል አይወጣትም። ያንተዋ ሞታም እየመረቀች ምን ሆነሃል?» አለኝ።

«መራቂዋ እሷ ከሆነች ነዋ» አልኩት።

«አንተ ደግሞ ምርቃት ሲሰጡህ ደረሰኝ ትጠይቃለህ» ብሎኝ ሄደ።

ከመጋዘን ኃላፊው ጋር እነጋገራለሁ ማለት መልስ አይደለም። ክሩ የት ነው?

አባትሽ

*

ኅዳር 16

ለልጄ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ዐውደ ርእዩ በደንብ መከፈቱን፣ ሰው መብዛቱን፣ አንዲት ሴትዮ የእናትሽን ድምፅ ሰምታ አልቅሳ ሰው ደግፏት እንደወጣች ጽፈሻል። ሕፃኑ ጥርስ ማውጣቱን ጽፈሻል። አንድ ገጽ ሙሉ ስለ አዲሱ ቢሮሽ መስኮት ጽፈሻል፤ በየት በኩል ፀሐይ እንደሚገባ ሳይቀር። ክር የሚል ቃል ፈለግሁ፤ የለም።

እኔ የጎደለ ቦታ ሳዳምጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ። በወረቀት ላይም ይሰማኛል። ከመስኮቱ በኋላ፣ «ሌላው ሁሉ ደህና ነው» ከማለትሽ በፊት፣ እዚያ ጋ አንድ ነገር ነበር፤ አውጥተሽዋል።

ስለ ሕፃኑ ጥርስ ደስ ብሎኛል። ክሩ የት ነው?

አባትሽ

*

ኅዳር 29

አባባ፣

ክሩ የለም።

ሰላምታ መጻፍ ጀምሬ ነበር፤ እጄ እንቢ አለኝ። አሮጌዎቹ ክሮች መኮምጠጥ ጀምረው ነበር። መጋዘኑ ሲከፈት ሽታው ዓይን ያቃጥላል፤ እርስዎም ያውቁታል፣ አንዱ ከኮመጠጠ ጎረቤቱን ያስከትላል። ኮሚቴ ተቋቋመ። ሙሉ ቅጂ ያለው ክር ይወገድ፣ የሌለው ይቆይ ተባለ። የእናቴ ክር ሙሉ ቅጂ አለው ተብሎ ተመደበ። ያ «ሙሉ» የተባለው ማሽኑ የሠራው ነው። የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነበርኩ፤ ፊርማዬ አለበት። በመኪና ተጭነው ሲወጡ ቢሮዬ ነበርኩ፤ ወርጄ አላየሁም።

እርስዎ ያንኳኩበት ክርም አብሮ ተወግዷል፤ ከእሱ የተገለበጠው ቅጂ ኮምፒዩተሩ ላይ ነበር። አዲሱ ሲቀመጥ በዚያው ስም ተቀመጠና አሮጌውን ተካው። ሆን ተብሎ አይደለም። ያስቀመጠው የሥራ ባልደረባዬ «የተሻለው ስላለ» ብሎ ነው። ስነግረው አሞት ሁለት ቀን ከሥራ ቀረ።

በክረምት ሊጎበኙን የመጡ ቀን ይህን አውቅ ነበር። በር ላይ ጃንጥላዎን ስቀበልዎ ልነግርዎት አፌን ከፍቼ፣ «እርጥብ ነው፣ እዚህ ይቀመጥ» አልኩ።

አሁን በእጃችን ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እውነቱና የማሽኑ በአንድ ላይ የተሰፉበት። ስፌቱ አይታይም። ማሽኑን ራሱን «የትኛው ያንተ ነው?» ብለን ጠይቀነዋል፤ በየጊዜው የተለያየ መልስ ይሰጣል። ለይቶ የሚያውቅ እርስዎ ብቻ ነዎት። ማጫወቻ ከነጆሮ ማዳመጫው ልኬያለሁ። አልልክም፣ አልነካም ቢሉኝም እረዳለሁ።

ልጅዎ

*

ታኅሣሥ 12

ለልጄ፤

ማጫወቻው ደረሰ። ደብዳቤሽን አንዴ አንብቤ አጥፌዋለሁ።

ስለ ክሩ የምለው የለኝም። የፈሰሰ አይታፈስም። ጃንጥላውን ግን ባትጽፊው ይሻል ነበር፤ አሁን ባየሁት ቁጥር ትዝ ይለኛል፣ ያለኝ ደግሞ እሱ ብቻ ነው።

ሥራውን እሠራዋለሁ። ለአንቺ ብዬ አይደለም፤ ለቤቱም ብዬ አይደለም። ለይቼ ስልክላችሁ ምቱ ወደ ቦታው ይመለሳል። በሬዲዮም፣ በዐውደ ርእዩም፣ በሁሉም። ከማሽን የተሠራ ምት አልፈልግም። የራሴን ጣት ክላክስ በስልኩ ይቀዳልኛል። ይህ ካልሆነ ማጫወቻውን መልሼ እልከዋለሁ።

ጀምሬዋለሁ። ጠዋት ከቁርስ በኋላ እቀመጣለሁ። አንዳንዱ ቀላል ነው፤ እናትሽ ሳንባዋን ታማ ነበርና ረጅሙን ስንኝ መሀል ላይ ትቆርጠው ነበር፤ ማሽኑ ይቅርታ አድርጎላት ሳትቆርጥ ያስዘፍናታል። ይህን ለማወቅ ብልህ መሆን አያስፈልግም፤ አብሮ መኖር ነው።

አንዳንዱ ግን አስቸግሮኛል። አልደብቅሽም። ሦስተኛው ስንኝ ላይ የእሷ ነው ብዬ አለፍኩ፤ በማግሥቱ የማሽኑ ነው አልኩ፤ በሦስተኛው ቀን አላወቅሁም። ስለዚህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደጋግሜ እሰማዋለሁ። የመጨረሻውን ንግግርም ጭምር፤ የሐሰቱን ድምፅ ጠባይ ለማጥናት የሚበጀው እሱ ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የማሽኑ ስለሆነ። ያንን አውቄ ሌላውን በእሱ እለካለሁ።

ክላክስ አጠገቤ ተቀምጦ ሲያየኝ ዋለና «ሚስትህን ነው የምትሰማው ወይስ ሌባ ትጠብቃለህ?» አለኝ። ሁለቱንም ነው አልኩት።

ስለ እናትሽ የመጨረሻ ቃል በደብዳቤሽ ጫፍ ላይ በእርሳስ ጽፈሽ ላጠፋሽው ጥያቄ፤ ይነበባል። መልሴ በልጅነትሽ የሰጠሁሽ ነው። ክሩ ላይ የሌለውን አልመሰክርም።

አባትሽ

*

ጥር 20

ውድ አባባ፣

እንደምን ከረሙ? የላኩት ደርሷል። ምቱን አስገብተናል፤ ጣትዎን በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ጠረጴዛው ራሱ ታወቀኝ፣ ያ አንድ እግሩ አጭር የሆነው። ልጆቹ አሁን «አንኳኪው» ይሉዎታል። በክፋት አይደለም። አንዱማ የሆነ ነገር ሲጠራጠር ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ መምታት ጀምሯል።

ኃላፊው በቀላሉ አልተቀበለም። «ጎብኚ ኳኳታና ዝምታ ሲሰማ ዕቃው የተበላሸ ይመስለዋል» አለኝ። እንደ ፈራውም ሆነ። ቆሜ አይቻለሁ፤ ሰዎች ቁልፉን ይጫናሉ፣ ዘፈኑን ይሰማሉ፣ ምቱ ሲመጣ ማዳመጫውን ነቅለው ያዩታል፣ ይሄዳሉ። በሬዲዮ ድጋሚ አልጠየቁንም። ግን አሁን የተባለው የተባለ ነው፣ ያልተባለው ያልተባለ። እርስዎ የፈለጉት ይህ ነው። አሁን እኔም የምፈልገው ይመስለኛል።

ለምን ዝም እንዳልኩ እጽፋለሁ ብዬ ነበር። ልጅ ሆኜ ያን ክር ብቻዬን እሰማው ነበር። ዘፈኑ ያልቃል፤ ሁለት ምት፤ ዝምታ፤ ሁለት ምት። እዚያ ዝምታ ውስጥ ለእኔ የተባለ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ጆሮዬን ድምፅ ማጉያው ላይ ለጥፌ እሰማለሁ፤ ልክ አንድ ቀን ቃል እንደሚያመልጠው። ማሽኑ ምቱን ጠርጎ «ልጄ፣ አትፍሪ» ሲል የእሷ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ማሽኑን ያስነሣሁት እኔ ራሴ ነኝ። ግን ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እዚያ ቦታ ላይ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነ ሰው የሆነ ነገር አለኝ።

አሁን ያ ደግሞ ወጥቷል፤ በትክክል ነው የወጣው። ምቱ ተመልሷል፣ ዝምታው ተመልሷል። ክሩ ግን ከሥሩ የለም። ድሮ ቢያንስ ውሃ የበላው ክር አለ እል ነበር።

እናቴ ስትቀዳ እኔ እግሯ ሥር ተኝቼ ነበር። አንተ ነቅተህ ነበር። አንተ ሰምተሃል። ለፍርድ ቤት አይደለም የምትመሰክረው፣ ለእኔ ነው። ተሳስተህም ቢሆን ንገረኝ። የማሽን ግምት ተቀብዬ ያንተን እንዴት አልቀበልም? አባባ፣ ምን አለችኝ?

ልጅዎ

*

የካቲት 17

ለእንቁራሪት፤

የዘገየሁት ታምሜ አይደለም። ጉልበቴም ደህና ነው፤ በእውነት ደህና ነው።

በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ «አንተ» ብለሽኛል። አልተቆጣሁም።

እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽ ልነሣሽ ፈልጌ አይደለም። ሰው ክር የሌለውን ነገር ሲያስታውስ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ያሳምረዋል፤ ሳያውቀው። እናትሽን ማሳመር አልፈለግሁም። ነገር ግን እንዳልሽው ክሩ ከሥሩ የለም፤ ከእኔ ትዝታ ጋር የሚመሳከር ነገር አልቀረም። ስለዚህ አሰብኩበትና ልነግርሽ ወሰንኩ። ጠረጴዛውን ጠርጌ ወረቀት ዘረጋሁ።

ክፍሉ ፊቴ ላይ ነው። የስፌት መኪናዋ በአንሶላ ተሸፍኗል። መስኮቱ ግማሽ ክፍት ነው፤ አንድ ሰው ውጭ የብስክሌት ጎማ እየነፋ ነው። አንቺ እግሯ ሥር ተኝተሻል፣ አንዱ ካልሲሽ ወልቆ። ዘፈኑን ጨርሳ ቴፑን እንዳጠፋ ጠብቃ አየችኝ፤ አላጠፋሁም። ከንፈሯን በምላሷ አረጠበች። ወደ አንቺ ዞረች። ከዚያ ድምፁ መጣ፦ «ልጄ፣ አትፍሪ።»

እጄ ይህን ጻፈ። ሰርዤ ተነሣሁ። ጓሮ ወጥቼ እንጨት ደረደርኩ፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ካልሲው፣ አንሶላው፣ ብስክሌቱ፣ ሁሉም በቦታው አለ። ዞረች። «ልጄ፣ አትፍሪ።» በማግሥቱም፣ ከዚያ በኋላም። የእሷ የነበረው እዚያ ነበር፤ እስከ መኸር ድረስ እንደነበረ አውቃለሁ፣ ምክንያቱም ፀጉር ቤት ሆኜ ሐሰቱን ስሰማ «ይሄ አይደለም» ያልኩት እውነቱን ይዤ ነው። ሐሰቱን ለማጥናት ስንት ጠዋት ተቀመጥኩ። ለይቼ ላወጣ ገብቼ የማሽኑን ይዤ ወጣሁ፤ የእሷን እዚያ ጥዬ። ይመለሳል ብዬ ሳምንታት ጠበቅሁ። ለዚህ ነው የዘገየሁት።

ክላክስን «ያለቻትን አንድ ጊዜ ነግሬህ አላውቅም?» ብዬ ጠየቅሁት። ቀልድ ፈልጎ ፊቴን አየና ተወው። «አንተ መቼ ለሰው ትናገራለህ» አለኝ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል፤ በእሱ እምላለሁ። ወደ አንቺ ስትዞር እኔ ወደ ቴፑ ዞሬያለሁ፤ ሥራዬ እሱ ነበርና። ድምፅ ሲገባ የሚነሣ መርፌ አለው፤ ከልኩ እንዳያልፍ ዓይን ይፈልጋል። እሷ ለአንቺ ስትናገር መርፌው ሁለት ጊዜ ተነሣ፤ ሁለት ጊዜ ብቻ። አጭር ነገር ነው ያለችሽ። ከዚያ ወረደ፤ አልተነሣም። መርፌውን ማሽኑ አልዘፈነልኝምና እሱ የእኔ ነው። ለአንቺ ሰጥቼዋለሁ።

ማጫወቻውን በአውቶቡሱ ረዳት እጅ መልሻለሁ። ጃንጥላ አትላኪልኝ፤ ያለኝ ይበቃኛል።

ከዚህ በታች ያለው ባዶ ወረቀት ቃል ቆጥቤ የተውኩት አይደለም። ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ መትቼበታለሁ።

ስለ ሕፃኑ ብትጽፊልኝ እመልሳለሁ። ስለ ጣራው፣ ስለ ጉልበቴ ብትጠይቂኝ እመልሳለሁ። ስለዚህ ነገር ግን ከእንግዲህ አልጽፍም፣ አልናገርም። መጥተሽ ፊቴ ብትቀመጪም አትጠይቂኝ።

አባትሽ